ፊደሏ የተንጋደደባት ልጅ

በ1982 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ፣ ከሰባተኛ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ ይቀመጥ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ እናቷ በርበሬ ተራ ትሸጣለች። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ለጥቁር ሰሌዳ የሚመረጥ ነበር።

ከገና በኋላ ፊደሏ ተንጋደደ። እርሳስ ከእጇ ይወድቃል፣ ትከሻዋ በራሱ ይሰበቃል፣ ፊቷ ይጨማደዳል። ክፍሉ ይስቃል። እኔ ደግሞ የምታሾፍ መስሎኝ እጇን በማስመሪያ መታሁ። አንድ ቀንም አንበረከክኋት። እናቷ ጸበል ወሰደቻት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ለቀቃት። ሰፈሩ ጸበሉ አዳናት አለ። እኔ በልቤ ቅጣቴ ሠራ ብዬ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1686 ቶማስ ሲደንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ያችኑ የእኔን ተማሪ ያያት ይመስል ጽፎታል፤ እጅ አልረጋ ይላል፣ ኩባያ ቀጥ ብሎ አፍ አይደርስም። አውሮፓ ውስጥም ሕመሙ በቅዱስ ስም ይጠራ ነበር፣ የቅዱስ ቪቱስ ጭፈራ ተብሎ። ስለዚህ የእኛን እናቶች ለመውቀስ አትቸኩሉ። ሲደንሃም ራሱ ነገሩን ከልብ ጋር አላያያዘውም።

መነሻው ጉሮሮ ነው። ቶንሲል ከሚያመጡት ተህዋሲያን አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። ሰውነት እሱን ለመዋጋት አንቲቦዲ ይሠራል። ችግሩ የተህዋሲው ገላ አንዳንድ ቦታ ከእኛ ልብና ከእኛ አንጎል ጋር ይመሳሰላል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ያ ዘብ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሌባውን ትቶ የቤቱን ባለቤት ይመታል። መገጣጠሚያ ያብጣል፣ የልብ ቫልቭ ይቆስላል፤ አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚገራው ክፍል ከተነካ ደግሞ እጅ አይታዘዝም። እሱ እንዲያውም ወራት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ጉሮሮው ከተረሳ በኋላ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሜልቪን ካፕላን ስትሬፕቶኮከስንም የልብን ሥጋም የሚይዝ አንቲቦዲ አሳየ። በ1976 ደግሞ እንደ ተማሪዬ ከሚንቀጠቀጡ ልጆች ደም ውስጥ የአንጎልን ነርቭ የሚይዝ አንቲቦዲ ተገኘ። እኔ ልጅቷን ስመታ ይህ ከታወቀ 13 ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ከጭቃ ቤት ግድግዳ የሚወጣ ትኋን መሰል ነፍሳት የሚያስተላልፈው ቻጋስ የሚባል በሽታ አለ፤ ብራዚላዊው ካርሎስ ቻጋስ በ1909 ነው የገለጸው። በብዙ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ልብ ከነርቭ ትእዛዝ የሚቀበልባቸውን በሮች የሚይዝ አንቲቦዲ ይገኛል። አንዱ በር ልብን ያፈጥናል፣ ሌላው ያዘገያል። አንቲቦዲው እንደ ተመሳሳይ ቁልፍ ገብቶ ያለ ባለቤቱ ይከፍታቸዋል። ጉዳቱ ምን ያህሉ ከዚያ እንደሚመጣ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። የእነሱ በሽታ በጭቃ ግድግዳ፣ የእኛ በጥበት። ሁለቱም የድሃ ቤት ሕመም ነው።

ጥበቱም ታሪክ አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁርን ለመለየት ባወጣው ፕላን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ የሚለውም የእሱ ቋንቋ ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ገበያው ቀረ። ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው የሚያድርበትን ቤት ታውቁታላችሁ። አንዱ ሲያስል ስምንቱ ይተነፍሰዋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ርካሽ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። በ1950 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የጦር ሰፈር በወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት የጉሮሮውን ሕመም በፔኒሲሊን ማከም የልቡን በሽታ እንደሚያስቀር አሳየ። አንዴ የታመመ ልጅ እንዳይደገምበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መጣ። እኛ ጋ ግን ዝንጅብል በማር ነው፤ ሲብስ እንጥል ማስቆረጥ። ማሩስ ይሁን፣ ምላጩ ግን ለልብ ምንም አያደርግም፣ ራሱ ሌላ መዘዝ ያመጣል እንጂ። ቫልቩ አንዴ ከተበላሸ ወጪው ሌላ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ሲልኩ ኖረው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው።

ተማሪዬ ያንን አላየችም። በ1991 ዓ.ም. በርበሬ ተራ ሳልፍ እናቷ ጠሩኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። «ልትወልድ ስትል ልቧ ደከመባት፣ ቲቸር» አሉኝ። በእርግዝና ጊዜ ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበ ቫልቭ ያንን ማሳለፍ አይችልም። «ሐኪሞቹ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ነበር ወይ አሉኝ። ጉሮሮውን የማይታመም ልጅ የማነው?»

ስለ ማስመሪያው አልነገርኳቸውም።

ከክፍል ጓደኞቿ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ማን እንደሆነች አውቃችኋል። ስሟን ኮሜንት ላይ አትጻፉ፣ እናቷ አሁንም እዚያው ሰፈር ናቸው። አስተማሪ የሆናችሁት ግን የልጅ ጽሑፍ በድንገት ሲበላሽ ካያችሁ ማስመሪያውን አስቀምጡና ወላጅ ጥሩ፤ ሐኪም ልቧን በኤኮ ይይላት።