የብረቱ ድምፅና የቅዠቱ ፊልም

የአስፈሪ ፊልም ተከታይ ክፍል ከሐያስያን ዘንድ ብዙ ጊዜ ንቀት እንጂ ምርመራ አይገጥመውም። ሙዚቃው ግን ሊመረመር ይገባዋል።

«ሄቪ ሜታል» የተባለው የሙዚቃ ስልት ሥር ከሰደደባቸው ሥፍራዎች አንዱ የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተማ በርሚንግሃም ነው። የ«ብላክ ሳባዝ» ቡድን ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በብረታ ብረት ፋብሪካ ማሽን አጥቷል፤ ቡድኑም እ.ኤ.አ. በ1969 ስሙን የወሰደው ከአስፈሪ ፊልም ነው። እንግዲህ ፋብሪካውና ቅዠቱ ከመነሻው አልተለያዩም።

እ.ኤ.አ. በ1986 አሊስ ኩፐር ለ«ዓርብ አሥራ ሦስት» ስድስተኛ ክፍል ያዜመው ዘፈን የነፍሰ ገዳዩን መመለስ አወጀ። በዓመቱ «ዶከን» የተባለው የሎስ አንጀለስ ቡድን ለ«ቅዠት በኤልም ጎዳና» ሦስተኛ ክፍል የሠራው ዘፈን ግን «የሕልም ተዋጊዎች» ተባለ። ተዋጊዎቹ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል የሚኖሩ፣ አዋቂዎች ቃላቸውን የማያምኗቸው ወጣቶች ናቸው። ጠላታቸው በየሕልማቸው አንድ በአንድ ሲያጠቃቸው ቆይቶ፣ አንዷ ጓደኛቸው ሁሉንም ወደ ሕልሟ ስትጠራቸው ተባብረው ይገጥሙታል።

ሁለቱንም ዘፈኖች ያዘዘው የፊልም ንግድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አንዱ ዘፈን አስፈሪውን ሲያነግሥ ሌላው የፈሩትን አሰልፏል። ሐያሲ የክፍሉን ተራ ቁጥር አይቶ ከመፍረዱ በፊት፣ ድምፁ ለማን እንደቆመ ያዳምጥ።