ርክርኳን የዋጠ ልጅ

የኔታ ዐይናቸው አያይም ነበር። የዜማ መጽሐፉን፣ ድጓውን፣ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳዜም ግድግዳ ተደግፈው ያዳምጣሉ። ድንገት መቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋል፦ «አንተ ልጅ፣ ርክርኳን ዋጥካት። ተመለስ!» ብራናው ላይ ሳቀረቅር፣ እውነትም ከፊደሏ አናት ነጠብጣቦቿ ተደርድረዋል።

የተወለድኩት ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለ የዋግ መንደር ነው። ቤት ኽምጣና፣ ገበያ አማርኛ፣ የኔታ ዘንድ ግዕዝ። ትርጉሙን ያልደረሰበትን ቃል የሚያዜም ልጅ እንደ ርክርክ ያለውን የዜማ ምልክት ቶሎ የሚለየው በምን ዘዴ ነው? የጥንቶቹ ይህን አስበውበታል።

ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ 6ኛው ምዕተ ዓመት፣ አክሱም። ምልክቱንም ለእሱ የሚሰጡ አሉ። እኔ ግን የነገሥታቱን ታሪክ እከተላለሁ፦ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ተነስተው ድጓውን ከነምልክቱ አስተማሩ። ስማቸው ከሳይንቷ ተድባበ ማርያም ጋር ይነሳል። የግራኝ ጦርነት ገና ማለፉ ነበር። መጻሕፍቱ ተቃጥለዋል፤ ዜማውን በቃሉ የያዘውም በየጦር ሜዳውና በየስደቱ ቀርቷል። ያስቸኮላቸው ይህ ይመስለኛል።

ምልክቶቹ ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ድርስና አንብር ሲታከሉ አሥር ይሆናሉ። የኔታ ያስጠኑን ከሕማማቱ ጋር አያይዘው ነው፤ ይዘት የጌታ መያዝ፣ ሂደት መጎተቱ፣ ርክርክ የደሙ መንጠብጠብ። ስቅለትን ያላየ የዋግ ልጅ የለም፤ ስለዚህ ርክርክን የረሳም አልነበረም። (መዋጥና መርሳት ይለያያሉ።)

ከስምንቱ የሚበልጠው ዘዴ ግን ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉት ፊደላት ናቸው። አስቀድመህ በቃልህ ከያዝከው ዜማ ሁለት ሦስት ፊደል ተቀንጭቦ አዲሱ ቃል ላይ ይቀመጣል፤ «ይህንን እንደዚያኛው በለው» ማለት ነው። ልጁ የሚያውቀውን ዜማ ባየ ቁጥር የአዲሱ ግማሹ አለቀለት።

ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶም በ11ኛው ምዕተ ዓመት ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። መዘምራን ልጆቹ ከሚያውቁት የመጥምቁ ዮሐንስ መዝሙር የየሐረጉን መነሻ ድምፅ ወስዶ የኖታ ስም አደረገው፤ «ሬ»፣ «ሚ»፣ «ፋ» ከዚያ ወጡ። የእሱ ኩራት ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከጽሑፍ ማዜማቸው ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ።

ቀን ከመጽሐፍ፣ ሌሊት በጨለማ በቃል ነበር የምናጠናው። አንድ ቀን ፊደላቱ ገብተውኝ፣ ያልተሰጠኝን ገጽ ገልጬ አንድም ሳልስት ዘለቅሁት። ምርቃት ስጠብቅ የኔታ ዝም አሉ።

«ማን ሰጠህ?»

«ምልክቱን አይቼ ነው፣ የኔታ።»

«ምልክቱ አፍ አለው?»

ያን ሌሊት ከእኔ በዕድሜ ከሚያንስ፣ ያንን ገጽ ከእሳቸው አፍ ከተቀበለ ልጅ አጠገብ አስቀመጡኝ። እሱ ይላል፣ እኔ እከተላለሁ፤ ዶሮ እስኪጮህ። የመጨረሻዋን ድፋት እኔ ቀን ካልኳት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጥላት።