የግሸን ተጓዥና የወሎ ሃዲድ

መስቀል አልፎ መስከረም 21 ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያወጣው መንገድ በግሸን ማርያም ንግሥ ተጓዦች ይሞላል። አውቶቡሱም ሚኒባሱም አይሱዙውም መዝሙር እያሰማ ደብረ ብርሃንን ያልፋል፣ በጣርማበር ዋሻ ሾልኮ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ደግሞ ወደ ደሴ ሽቅብ ይወጣል። እስከ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ እስከ ግሸን ደግሞ 82 ያህል ነው። አምባው ሥር ሲደረስ ሀብታሙም ድሃውም ከመኪና ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ይያያዘዋል፤ አዛውንቱ በምርኩዝ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ወጣቱ የስእለት ጧፍና ጃንጥላ ይዞ።

ወደዚህ አምባ መጓዝ ሁልጊዜ ለሁሉም የተፈቀደ አልነበረም። ግሸን በመካከለኛው ዘመን ዙፋን ሊሻሙ ይችላሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገሩን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ አምባው ጥብቅ ጥበቃ ጽፎ አልፏል። መጽሐፈ ጤፉት እንደሚተርከው ደግሞ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የክርስቶስን ግማደ መስቀል ያሳረፉት በመስቀል ቅርጽ በተሠራው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። የልዑላኑ ጥበቃ ከግራኝ ጦርነት በኋላ ቀረ፤ ንግሡ ግን ከላስታ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከትግራይ ሰው እየጠራ ዘለቀ። ሰዉ የሚመጣው ደግሞ ስንቁን በአቁማዳ ቋጥሮ፣ በየመንደሩ «የእግዜር እንግዳ» እያለ እያደረ፣ በእግሩ ነበር።

ግሸን የሚገኝበት አምባሰል ከባቡር ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ክር አለው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉባት ውጫሌ የምትገኘው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሃዲዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የውጫሌው ውል ጠብ ወደ ጦርነት አመራ፤ በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲታወጅ ጦሩ ወረኢሉ ላይ ተሰብስቦ በወሎ በኩል ወደ አድዋ የዘመተው በእግሩና በአጋሰስ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመርም የተቀየሰው በምሥራቅ በኩል ነበር። ገንዘቡ የፈረንሳይ፣ ወደቡም የፈረንሳይ ነበር፤ በሰሜን በኩል ምፅዋ በጣሊያን እጅ ነበረች። ለባቡሩ ዋናው ጉዳይ የሐረር ቡናና ቆዳ ባሕር መድረሱ ስለነበር ወሎ ከሃዲዱ ውጭ ቀረ።

ሃዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የባቡሩ ኩባንያ ከሰረ፣ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ተተካ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ በፊት ሲራራ ነጋዴ ከባሕር እስከ መሀል አገር ስድስት ሳምንት ያህል ይጓዝ ነበርና በባቡር ሦስት ቀን መሆኑ ለዘመኑ ሰው ተአምር ነበር። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይሄድም፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ አድሮ ይነሳ ነበር። የለገሃር ጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው።

በሰሜኑና በምሥራቁ አቅጣጫ መካከል የነበረውን ልዩነት የ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ያህል የሚያሳይ የለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ላሊበላ ገብተው ጸልየው፣ በወሎ ተራሮች በኩል በበቅሎና በእግር ተጉዘው አዲስ አበባ የደረሱት ከሳምንታት መከራ በኋላ ነበር። ከዚያ ግን በባቡር ተሳፍረው ጅቡቲ ለመድረስ የቀናት ጉዳይ ሆነ። ወሎ የተሻለ የመኪና መንገድ ያገኘችው ከጦርነቱ በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ያገናኘውን መንገድ ዘረጉ፣ ጣርማበርንም ፈለፈሉት። የዛሬው የግሸን ተጓዥ አሁንም የሚሄደው ያኔ በተቀየሰው መስመር ላይ ነው።

የምሥራቁ ባቡር ለዕቃ ይሠራ እንጂ ሕዝቡ የራሱ አድርጎታል፤ ለዚህ ከቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ለገሃር በስእለተኛ ይጨናነቅ ነበር። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ የእንጨት ወንበር ላይ ተጠጋግቶ፣ ቦታ ያጣው በኮሮጆው ላይ ተቀምጦ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ እየተካፈለ ሌሊቱን ይገፋ ነበር። ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም ሴቶችና ልጆች ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ውሃ በመስኮት ያቀብሉ ነበር፤ ፊሽካው ሲነፋ መልስ የሚቀበለው ሰው እጅ ገና በመስኮት እንደተዘረጋ ነበር። አቅም ያለው ሊትሪና በምትባለው ፈጣን ባቡር ይሳፈር ነበር። ድሬዳዋ ላይ ወርዶ በመኪና ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ ቁልቢ ይደርስ ነበር። በዚህ ጉዞ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው በልተው፣ አብረው ዘምረው፣ ክርስትና ተነሣስተው ተለያይተዋል። የባቡር ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ ሰው ተነሥቶ እየተንቀሳቀሰ፣ ሕፃን እያጠባ፣ አረጋዊት እናቱን ጋደም አድርጎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በአውቶቡስ መቀመጫ ላይ ይህ አይቻልም።

ያ መስመር ግን እያረጀ ሄደ፤ አደጋም አልተለየውም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በኩርባው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ ነበር ምክንያቱ። ሃዲድ ብቻውን ደኅንነት አይሆንም፤ ጥገናና ሥርዓት ይፈልጋል። በኋላ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መነሻውም ከለገሃር ወደ ለቡ ተዛወረ።

በዚሁ ጊዜ የወሎ ተራ መጣ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ እስካለችው ሃራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ተሰጠ፤ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአዋሽ ቆላ እስከ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ የሚወጣ፣ ዋሻና ድልድይ የበዛበት ከባድ ሥራ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ሃዲዱ ተዘረጋ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲገባ በፕሮጀክቱ ንብረት ላይ ዘረፋና ውድመት ደረሰ። መደበኛ የመንገደኛ ባቡር እስካሁን አልተጀመረበትም።

ባቡሩ ዞሮ ይሄዳል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ነው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል ኮምቦልቻ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በመኪና ግን 376 ነው። ይሁንና ባቡሩ በሰዓት በአማካይ 70 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሰባት ሰዓት ይበቃዋል፤ አውቶቡስ ለደሴ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አውሮፕላን ኮምቦልቻ ቢያርፍም ትኬቱ ከአብዛኛው ስእለተኛ አቅም በላይ ነው። ባቡር የጣርማበርን ቁልቁለት ከነጭጋጉና ከሌሊት ነጂው ያስቀራል፤ ይህ ብቻውን ስንት ነፍስ ነው። ቀሪውን የሐይቅና የአምባሰል መንገድ በመኪና፣ ዳገቱን እንደ ጥንቱ በእግር መጨረስ አይቀርም፤ ማንም ተሳላሚ ይህ እንዲቀርለት አይጠይቅም።

እስካሁን የወሎ መስመር ሲነሣ በብዛት የሚነገረው ስለ ወደብ፣ ስለ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ስለ ኮንቴይነር ነው። የቁልቢ ባቡር ያስተማረው ግን ሌላም አለ። የቀረውን ሥራ የያዙት ኃላፊዎች የዕቃውን መርሐ ግብር ሲያወጡ ለመስከረም 21 የግሸን፣ ለታኅሣሥ 29 ደግሞ በሃራ ገበያ በኩል የላሊበላ ተጓዦች የሚሳፈሩበትን የመንገደኛ ባቡር ከመጀመሪያው ያስገቡበት።