«ምን ይላል?»፦ የሚንኳኳ መኪናና የቃላቱ ዘር

ከስማዳ ወገዳ ወይም ከታች ጋይንት አርብ ገበያ በጠጠር መንገድ ንፋስ መውጫ የደረሰ የፒካፕ ሹፌር ችግሩን ለመካኒክ የሚነግርበት አማርኛ አጭር ነው፤ «ጋሼ፣ ከኋላ አንድ ነገር ይንኳኳል።» የመካኒኩ ጥያቄ ከዚያም ያጥራል፤ «ምን ይላል?»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የቃላቱ የትውልድ አገር ተለያይቶ ይታያል። ፒካፕ እንግሊዝኛ ነው። ሹፌር ፈረንሳይኛ ነው፤ መነሻ ትርጉሙ «እሳት የሚያነድድ» ማለት ሲሆን፣ ሞተር በእንፋሎት ይሠራ ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው። መካኒክ ሥሩ ግሪክ ነው። «ይንኳኳል» እና «ይላል» ግን የራሳችን ናቸው። ይህ ክፍፍል መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አይዛነፍም፤ የሚፈታው ዕቃ ስሙ ጣሊያንኛ፣ የሚከተለው ድምፅ ስሙ አማርኛ ነው።

የዕቃዎቹ ስም በብዛት የገባው ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በጎንደር በኩል ደግሞ የመጨረሻው ጦሩ እጁን እስከሰጠበት እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ በአስመራና በአዲስ አበባ የቀሩት ጣሊያናውያን ጋራዦችና የፊያት የጭነት መኪኖች ቃላቱን አጸኗቸው። «ኤንትሬ» የተባለው መኪና ስሙን ያገኘው ፊያት በሰጠው የሞዴል ቁጥር፣ በጣሊያንኛ ሲነበብ ነው። መኪና የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያኑ ማኪና ነው፤ ጣሊያን ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ ተቀብሎታል። ጋቢና ካቢና የነበረው ነው፤ «ካ» በእኛ አፍ ወደ «ጋ» ላላች። ኩሽኔታ በጣሊያንኛ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበት በመሆኑ የተሰጠው ስም ነው። ባሌስትራ ከመኪና ጋር የተገናኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ቃሉ በመጀመሪያ የጦር መሣሪያ፣ ምስማር መሰል ፍላጻ የሚወረውር ቀስት ነበር። የቀስቱ ደጋን በጠፍጣፋ ብረት ተተክቶ ከመኪና ሥር ሲገባ ስሙን ይዞ ገባ።

ጎማ ከሁሉ ረዥም ጉዞ ያደረገ ቃል ነው። ጣሊያን ጎማ ያለው ላቲን ጉሚ ይለው ነበር፣ ግሪክ ደግሞ ኮሚ፤ ግሪኮች የወሰዱት ከጥንታዊ ግብፅ ቋንቋ ሲሆን፣ የሚያመለክተው ከግራር የሚወጣውን ሙጫ ነበር። ከዓባይ ግርጌ የተነሣ ቃል በአቴናና በሮም ዞሮ፣ ርብና ጉማራ ከሚፈልቁበት ከጉና ተራራ ሥር ቆሞ ይነፋል፣ ይፈነዳል፣ ይለጠፋል። ካላማደሪያ ደግሞ በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» የሚለው ሐረግ ነው፤ አማርኛ ግን መጨረሻውን «ማደሪያ» አድርጎ ሰማው። ማንም ሳያቅድ አየር የሚያድርበት ነገር ማደሪያ ተባለ። የሕዝብ ጆሮ ባዕድ ቃልን እንዲህ ወደ ራሱ ትርጉም ሲስብ ማየት ለቃል ተመራማሪ ትልቅ ደስታ ነው።

እስከዚህ ስለ ብረቱ ነው። ድምፁ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይጠልቃል።

ተንኳኳ፣ ተንገጫገጨ፣ ተንጫጫ፣ ተንጣጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንገዳገደ፤ እነዚህን ቃላት ደርድሮ ላያቸው ሁለት ነገር ይጋራሉ። ሥራቸው ይደጋገማል፤ ከሥሩ በፊት ደግሞ አንዲት «ን» ትቆማለች። ይህች «ን» በአጋጣሚ የገባች አይደለችም። በግእዝም አለች፤ አንጐድጐደ፣ አንጐርጐረ፣ አንኰርኰረ ሲባል ትሰማለች። የግእዝ ሰዋስው ሊቃውንት ልብ እንዳሉት ይህ የግስ መልክ በተለይ ለሦስት ነገር ያገለግላል፤ ለድምፅ፣ ለመንቀሳቀስ፣ ለብርሃን። ነጐድጓድ የወጣው ከዚሁ ነው፤ እንጉርጉሮም፣ ነጸብራቅም። ደጋግሞ የሚሰማ፣ ደጋግሞ የሚወዛወዝ፣ ደጋግሞ የሚብለጨለጭ ነገር ሁሉ በአንድ ቅርጽ ይሰፈራል። እኔ በእውነት የምደነቀው በዚህ ነው፤ በፒካፑ ጭነት መያዣ ሥር የሚንኳኳው ብረትና በክረምት ጉና ላይ የሚያንጎደጉደው ሰማይ በሰዋስው ዘመዳሞች ናቸው።

ከዚህ ዘር የተወለደ ታላቅ ቃል መንኰራኵር ነው። አንኰርኰረ ማለት አሽከረከረ፣ አንከባለለ ነው፤ መንኰራኵር ደግሞ የሚሽከረከረው፣ የሰረገላው እግር። ሕዝቅኤል በራእዩ ያያቸውን መንኰራኵሮች መጽሐፍ የሚጠራቸው በዚህ ስም ነው። በዚህ አገር መንኰራኵር የታየበትን አንድ ታላቅ ጊዜም ታሪክ ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎማ አልባ ሰረገላ ጭነው፣ በቤጌምድር ምሥራቃዊ ደጋ መንገድ እያስቆፈሩ፣ በጋይንት በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ አሻግረው፣ መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። በድንጋይ ላይ የሚሄድ የብረትና የእንጨት መንኰራኵር ምን ያህል እንደተንኳኳ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ዛሬ ያ ቃል የት ነው? ሰማይ ላይ ነው። ወደ ጠፈር የምትላከውን «መንኮራኩር» ብለናታል፤ ምድር ላይ የሚሽከረከረውን ግን ለጎማ ሰጥተናል። ጎማ የሚነግረን ስለ ሙጫው እንጂ ስለ መሽከርከሩ አይደለም። ልውውጡ አልከፋኝም፤ ቋንቋ ሲፈልግ ይበደራል። መንኮራኩር የሚል ልጅ ግን ቃሉ ከመንኳኳት ጋር አንድ ቅርጽ እንዳለው ቢማር ይጠቅመዋል።

የጋይንት ምድር ድምፅን በስም የመለየት ሥራ ሲሠራበት የኖረ ነው። የዜማው መጽሐፍ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም በጋይንት ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚያው አገር ነው። በድጓው ፊደል አናት ላይ የሚጻፉት ምልክቶች ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ደረት እያሉ የድምፅን መውጣትና መውረድ፣ መርዘምና መቆረጥ ይለያሉ። ርክርክን ልብ ይሏል፤ ሥሩ ተደጋግሟል፣ የሚያመለክተውም ተደጋግሞ የሚረገረግ ድምፅ ነው። ጸናጽልም ተደጋጋሚ ነው፤ «ጸን» «ጸል» ሲል ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ይሰማል። የዕብራይስጡ መዝሙር 150 ላይ ያለው ጽልጽሊም ዘመዱ ነው። ሴማዊ ቋንቋዎች የሚንቃጨል ብረትን በድግግሞሽ መሰየም የጀመሩት መኪና ከመሠራቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው።

ወደ ፒካፑ እንመለስ። «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ተራ አነጋገር እንዳይመስለን። አማርኛ ድምፅን የሚገልጸው «አለ» በሚል ግስ ነው፤ ቋ አለ፣ ገጭ አለ፣ ሲጥጥ አለ፣ ቅጭል አለ። ሹፌሩ የሚመርጣት ፊደል ምርመራውን ግማሽ መንገድ ታደርሰዋለች። «ይቅጨለጨላል» ካለ ቀጭን ላሜራ ነው የሚፈለገው፤ ብዙ ጊዜ በማርሚታው ላይ የተሸፈነው የሙቀት መከላከያ፣ ወይም ከመቀመጫ ሥር የተፈታ ክሪክ። «ገጭ ገጭ ይላል» ካለ ክብደት ያለው ነገር ከሌላ ጋር እየተጋጨ ነው፤ የባሌስትራ ቦኮላ አልቋል፣ ወይም አሞርዛተሩ ከማሰሪያው ላልቷል። ገጨ፣ ግጭት፣ ተንገጫገጨ ከአንዲት «ገጭ» የተወለዱ ናቸው። «ሲጥጥ» ደረቅ መፋተግ ነው፤ «ያጓራል» ካለ ደግሞ ኩሽኔታው ይታያል። ኳ እና ቋም አንድ አይደሉም፤ ኳ ለስላሳ፣ እንጨት የመሰለ ክፍት ድምፅ ሲሆን ቋ ደረቅና ጠንካራ፣ የብረት ነው። የፊደሉ ጥብቀት የዕቃውን ጥብቀት ይከተላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መቼ እንደሚል ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲነሣ የሚል ከሆነ ከሞተር ወይም ከማርሚታ ነው፤ ሲሄድ ብቻ የሚል ከሆነ ከእግሩ ወይም ከአካሉ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬን ሸራው አካባቢ ነው። ከጋይንት ድንች ጭኖ ደብረ ታቦር ሲወርድ ዝም ያለ ፒካፕ ባዶውን ሲመለስ ቢንኳኳ አያስገርምም፤ ጭነት ባሌስትራውን ይጫነዋል፣ የኋላውን መዝጊያም ያጠብቀዋል፣ ባዶ ሲሆን ሁሉም ይላላል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ገና አንድ ብሎን ሳይፈታ መኪናውን በእጁ እያወዛወዘ፣ በጡጫ እየመታ ድምፁን ያስደግመዋል።

ከቃላት መዝገቦቻችን ውስጥ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። የቤተ ክህነቱንና የገጠሩን ቃል በብዙ ድካም ያኖሩልን ሰዎች ናቸው። የጋራዥ አማርኛ ግን ያንን የመሰለ ሰብሳቢ ይፈልጋል። ንፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የምትኖር አንባቢ ከሆንህ፣ ዕድሜ ጠገብ መካኒክ አጠገብ ቁጭ ብለህ የትኛውን ድምፅ ምን እንደሚለው፣ ለየትኛው ብልሽት እንደሚለው ጻፍ። የጣሊያኑን ስም ከየትም መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል፤ ያንተ አገር «ቋ» እና «ገጭ» ግን የሚገኘው ከዚያ ሰው አፍ ብቻ ነው።