ሶኒክ ዊንድ ቁጥር 1፦ ባለሮኬቱ ጋሪ
ኒው ሜክሲኮ፣ አሜሪካ፣ 1954 እ.ኤ.አ.

ወንበሩን ቀረብ ብለው ይመልከቱት፤ ከነፋስ የሚከልል መስታወት የለውም። እዚህ ላይ በቀበቶ የታሰሩት ሐኪም ነበሩ። የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ዶክተር ጆን ስታፕ የሰው ሰውነት ምን ያህል ጫና እንደሚችል ለሚፈትነው ሙከራ ሌላ ሰው ከመላክ ይልቅ ራሳቸው ቀረቡ። ዲሴምበር 10 ቀን ዘጠኝ ሮኬቶች ጋሪውን በአምስት ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ አደረሱት። ከዚያ በሐዲዶቹ መካከል የተገደበው ውሃ ያዘው፤ በ1.4 ሰከንድ ቀጥ አለ።

በዚያች ቅጽበት ሰውነታቸው ላይ ያረፈው ጫና የመሬት ስበት 46.2 እጥፍ ደረሰ። ቀበቶው ደረታቸውን ያዘ፤ ዓይኖቻቸውን ግን የሚይዝ አልነበረም። ወደ ፊት ተገፍተው የደም ሥሮቻቸው ፈነዱ። ከጋሪው ሲያወርዷቸው አያዩም ነበር፤ ደግነቱ ብርሃናቸው ተመለሰ።

ቀደም ሲል ሰው ከ18 እጥፍ በላይ አይችልም ይባል ነበር። ወሳኙ ግን መጠኑ ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫውና ቆይታውም ጭምር ነው። ጫናው ከራስ ወደ እግር ሲሆን ደም ከአንጎል ይሸሻል፤ አምስት እጥፍ ገደማ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ይስታል። ጠፈርተኞች በጀርባቸው ተንጋለው የሚወነጨፉት ለዚህ ነው። በ1975 ሮኬታቸው የከሸፈባቸው ሁለት የሶቪየት ጠፈርተኞች በዚሁ አኳኋን ከ20 እጥፍ በላይ ችለው በሕይወት ወርደዋል።