ስም፥ አባት፥ አያት፤ ኢንተርኔት ቤት የሚፈልግበት ሥርዐት

ከሰሜን ምሥራቅ ተሳፍሮ ላምበረት መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ የዘመዱን ቤት እንዴት እንደሚያገኝ ያውቁታል። በእጁ የያዘው ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያው የጠየቀው ሰው ቤቱን አያውቀውም፤ ነገር ግን «ሰፈሩ በየካ ነውና ወደዚያ ሄደህ ጠይቅ» ይለዋል። እዚያም የሚያገኘው ሰው ቤቱን አያውቀውም፤ ወረዳውን ግን ያሳየዋል። በወረዳውም መዝገብ ያዡ መዝገቡን ገልጦ የቤቱን ቁጥር ይነግረዋል። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች መካከል የአዲስ አበባን ቤቶች ሁሉ የሚያውቅ አንድ እንኳ አልነበረም። እንግዳው ግን ከቤቱ ደርሷል። ዛሬ ልናወጋዎ ያሰብነው፥ በየዕለቱ በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተሩን ከፍተው የአንድ መሥሪያ ቤት ስም በጻፉ ቍጥር ይኸው ፍለጋ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ስለ መሆኑ ነው።

ኮምፒዩተር ኮምፒዩተርን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቍጥር ነው። በቀድሞውና እስከ ዛሬም በሚሠራበት አቈጣጠር ይህ ቍጥር አራት ክፍል ያለው ሲሆን፥ እያንዳንዱም ክፍል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ቍጥር ይረሳል እንጂ ስም አይረሳም። ስለዚህ ስሙን ወደ ቍጥር የሚመልስ መዝገብ አስፈለገ።

የመጀመሪያው መዝገብ እጅግ ቀላል ነበር። በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ ሜንሎ ፓርክ በተባለው ከተማ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም፥ ኤሊዛቤት ፋይንለር የሚመሩት ክፍል የኮምፒዩተሮቹን ስምና ቍጥር ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይዞ ይጠብቅ ነበር። አዲስ ኮምፒዩተር የተከለ ሁሉ ለእርሳቸው ክፍል ያስታውቃል፤ ክፍሉም ይመዘግባል፤ ሌሎቹም ዝርዝሩን እየቀዱ ይወስዳሉ። ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት መቶ በነበሩ ጊዜ ይህ አሠራር በቂ ነበር። እየበዙ በሄዱ መጠን ግን ዝርዝሩ ዘወትር ያረጀ ሆነ፤ አንዱ የቀዳው ከሌላው ጋር አልስማማ አለ፤ አንድ ስም ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ መጠበቁም አንድን ክፍል የሚያደክም ሆነ። በአንድ ጸሐፊ እጅ ያለ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ መሥሪያ ቤቱ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

በኅዳር ወር 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1983) ፖል ሞካፔትሪስ የተባሉ መሐንዲስ አዲሱን ሥርዐት ጽፈው አወጡ። ሐሳባቸው መዝገቡን ማሳደግ ሳይሆን መከፋፈል ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን መዝገብ ይያዝ፥ የበላዩም የበታቹን አድራሻ ብቻ ይወቅ የሚል ነው። «ኮም» በሚለው ክፍል የመጀመሪያው ስም የተመዘገበው መጋቢት 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1985) ሲሆን፥ ሲምቦሊክስ የተባለ የኮምፒዩተር ኩባንያ ነበር።

የስሞቹ አደራደር ለብዙ ሰው ግራ ይሆናል። እኛ አድራሻ ስንጽፍ ከትልቁ ወደ ትንሹ እንወርዳለን፤ ኢትዮጵያ፥ አዲስ አበባ፥ የካ፥ ላምበረት እንላለን። ኢንተርኔት ግን ከትንሹ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የራሳችንን ስም የምንጠራው በዚሁ መንገድ ነውና፤ መጀመሪያ የልጁ፥ ቀጥሎ የአባቱ፥ ከዚያም የአያቱ። የአንድ መሥሪያ ቤት ስም፥ ነጥብ፥ «ጎቭ»፥ ነጥብ፥ «ኢቲ» ሲባል፥ መሥሪያ ቤቱ ልጅ፥ የመንግሥት ክፍሉ አባት፥ አገሪቱ አያት ናት ማለት ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይዞ ስለሚኖር ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል፤ እኛ አንደክምም።

ከአያት በላይ ያለው ቅድመ አያት ስም የለውም፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር «ሥር» ይባላል። የሥሩን መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮች ከ«ኤ» እስከ «ኤም» ባሉት የላቲን ፊደላት የተሰየሙ 13 ናቸው፤ የየአንዳንዳቸው ቅጂ ግን በብዙ አገር የተተከለ ስለሆነ በጠቅላላው ከአንድ ሺህ በላይ ይሆናሉ። የእርስዎን ጥያቄ የተቀበለው አፈላላጊ መጀመሪያ ሥሩን ይጠይቃል፤ ሥሩም «እኔ አላውቅም፤ የ‹ኢቲ› መዝገብ ያዦች ግን እነዚህ ናቸው» ብሎ ይልከዋል። እነርሱም በተራቸው ወደ ታች ይልኩታል፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ቍጥሩን ይሰጠዋል። አፈላላጊው ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ በማስታወሻው ይይዘዋል፤ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ወይም አንድ ቀን ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤትዎ ሰርቨሩን በለወጠ ማግሥት አንዱ ሠራተኛ አዲሱን ገጽ ሲያይ ሌላው አሮጌውን የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የማንም ስሕተት አይደለም።

«ኢቲ» የተባሉትን ሁለት ፊደላት ለኢትዮጵያ የሰጠ ማን ነው? በዚያ ዘመን ይህን ሥራ ይመሩ የነበሩት ጆን ፖስቴል፥ የትኛው አገር ነው የትኛውስ አይደለም የሚለውን ክርክር መዳኘት የእርሳቸው ሥራ እንዳልሆነ አውቀው፥ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አስቀድሞ ያወጣውን የአገሮች ምሕጻር ዝርዝር እንዳለ ተቀበሉ። ብልህነታቸው የሚደነቅ ነው፤ በዚህ ከብዙ ጠብ ድነዋል። «ኢቲ» በሥሩ መዝገብ የገባችው ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1995) ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰው ኢሜይል አይልክም ነበር ማለት አይደለም። በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ይልክና ይቀበል ነበር። በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው ግን በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይወለድ ስም ወጥቶለት 15 ወር ያህል ጠበቀ። ዛሬ የዚህ መዝገብ ጠባቂ ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንመለስ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ተቀባይነት እንደሌለው እናውቃለን። ነገር ግን በራስጌው የመንግሥት አርማ የታተመበት፥ በግርጌው ደግሞ ማንም ሰው በነጻ የሚከፍተው የውጭ አገር ኩባንያ ኢሜይል የተጻፈበት ደብዳቤ ስንቱን አይተናል? ይህን የምጽፈው ሰው ራሴ፥ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በላከልኝ አድራሻ መልስ ጽፌ፥ አድራሻው ከሥራው የተሰናበተ ሠራተኛ የግል ሣጥን መሆኑን ከሦስት ሳምንት በኋላ ተረድቻለሁ። በ«ጎቭ ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ አድራሻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲሄድ ሣጥኑ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይቀር ነበር። የኢሜይል አድራሻ ማኅተም ባይሆንም የማኅተም ወንድም ነው።

ሌላው የቀረው ጉዳይ የፊደላችን ነው። ይህ ሥርዐት በተፈጠረ ጊዜ የሚያውቀው የላቲንን ፊደል ብቻ ነበር። በኋላ የሌሎችም አገሮች ፊደላት እንዲገቡ በር ሲከፈት፥ የግእዝን ፊደል የሚመረምር የኢትዮጵያና የኤርትራ ሊቃውንት ጉባኤ ተቋቁሞ ሥራውን በ2009 ዓ.ም. ፈጸመ። ያጋጠማቸው ችግር እያንዳንዳችን በትምህርት ቤት ሳለን የተገረፍንበት ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ፤ «ፀ»ን በሁለት፥ «ሐ»ን በስድስት ዐይነት መጻፍ ስለሚቻል ቃሉ በ12 መንገድ ይጻፋል፤ ሲነበብ ግን በአማርኛ ሁሉም አንድ ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ለልዩ ልዩ ሰው ቢሸጥ አንዱ ባንክ፥ ሌላው ቀማኛ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ አንዱ ጽሕፈት ለአንድ ባለቤት ሲሰጥ ሌሎቹ እንዲታገዱ አሉ። የ«ሠ»ና የ«ሰ»ን ልዩነት አጥብቀው ለሚይዙ ሰዎች ይህ ደስ የማያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ እኛም ብንሆን በልባችን ጥቂት ቅር ብሎናል። «እንጦጦ» እንኳ በ«ዕ» የሚጽፈው አይጠፋምና በዚሁ ደንብ ውስጥ ይገባል። ላምበረት ግን ከአምስቱ ፊደላቱ አንዱም ሞክሼ የለውም።