ሁለት ጊዜ የተቆለፈ እውቀት

የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት ታሪክ ሲነገር ጎልቶ የሚወጣው የሰብሳቢዎችና የስም አውጪዎች ሥራ ነው፤ «ማን አነበበው?» የሚለው ጥያቄ ግን ይዘነጋል። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሀገራችን ገብቶ፣ በ1878 አድዋ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በትግራይና በስሜን ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ። የደረቁት ናሙናዎች አውሮፓ ተልከው በየቤተ መዘክሩ ተከፋፈሉ። ከ1847 እስከ 1851 የፈረንሳዩ አሺል ሪሻር ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የተጻፈው በላቲን ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የወጣው፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ኩፎዶንቲስ ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ዝርዝርም እንዲሁ። ላቲን የዕፅዋት ሊቃውንት መግባቢያ ስለነበር በምርጫቸው አልወቅሳቸውም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ ተክሉን በየቀኑ የሚቆርጠው፣ የሚቀቅለውና ለከብቱ የሚሰጠው ሕዝብ ከመጽሐፉ ውጭ ቀረ።

ይህን በባዕድ ላይ ብቻ ማላከክ ግን ታሪኩን ማዛባት ነው። በሀገር ውስጥም ደብተራው የመድኃኒት መጽሐፉን ከባልንጀራው ሳይቀር ይሰውር ነበር፤ በብራና የሰፈረው የቅጠልና የሥር እውቀት የሚተላለፈው ለታመነ ደቀ መዝሙር ብቻ ነበር። ለዚህ ምስጢራዊነት የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ዕፅ ይገድላል፤ ኮሶ እንኳ ከልክ ሲያልፍ የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል። ይሁን እንጂ ኮሶ በየቤቱ ሲጠጣ የኖረ መድኃኒት ነው። ሰዉ እንዳይጠጣው ምስጢሩ አልከለከለውም፤ መጠኑንና አደጋውን ግን እንዳያውቅ አደረገው። አደገኛ የሆነ ነገር ይበልጥ ግልጽ ጽሑፍ ያሻዋል።

ከ1980 እስከ 2009 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያካሄደው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ፕሮጀክት የመጀመሪያውን ቁልፍ፣ የላቲኑን፣ ከፈተ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰውና ኢንጋ ሄድበርግ ከብዙ ባለሙያዎች ጋር የደከሙበት ይህ ሥራ 6,000 ገደማ ዝርያዎችን በ8 ቅጾች መዘገበ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ሳይንሱም አንድ መግባቢያ ስለሚፈልግ በእንግሊዝኛና በላቲን ስሞች መጻፉ ትክክል ነው የሚሉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን ፍሎራው ለተመራማሪ የተዘጋጀ መዝገብ ነው፤ ገበሬውና የግብርና ባለሙያው ሌላ መጽሐፍ ይሻሉ። አዘነ በቀለ ተሰማ በ1993 ስለ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ያዘጋጀው መጽሐፍ አገርኛ ስሞችን ከአተካከልና ከአያያዝ ጋር አቀናጅቶ መንገዱን አሳየ። በ2003 ስለ ሬትና ዘመዶቹ የወጣው መጽሐፍም ምሁራዊውን ጥናት ለአበባ ወዳጅ አቀረበ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ የተጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

ለዚህ አንባቢ መጻፍ ውለታ መመለስ ጭምር ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ የማጥፋቱ ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። የሳይንሱ መነሻ የእነዚያ ሴቶች ልማድ ነበር።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከዝርፊያ ስጋት ነው፦ እውቀታችንን በይፋ ካሳተምን የውጭ ድርጅት ፓተንት ያወጣበታል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1995 እርድ ቁስልን በማዳን ችሎታው ፓተንት ተሰጥቶበት ነበር። የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት እውቀቱ አስቀድሞ በጽሑፍ እንደነበረ በማስረጃ አሳይቶ በ1997 አሰረዘው። ያሸነፈው የታተመ ገጽ ነው፤ በደብተራ አገልግል ውስጥ የተሸሸገ ብራና ግን ለዚያ ዓይነት ክርክር ምስክር ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።